ወንዝ የሚሻገሩና ወንዝ የሚወርዱ

የአባይ በረሃ ሰው ወንዙን የሚያውቀው አግድም ነው። መልካው የት ነው፣ በየትኛው ወር ይከፈታል፣ ውሃው ደረት ሲነካ ሰውን ወዴት ይዞ ይሄዳል፣ አዞ የሚያደባው ከየትኛው አለት ሥር ነው፣ ማዶ ያለው ገበያ ሳይበተን ይደረሳል ወይ። ዋና የሚችል ጎረምሳ የተነፋ ስልቻ ደረቱ ሥር አድርጎ የሌላውን እህልና ልብስ ያሻግራል፤ የማይችለው እሱን ተማምኖ ይገባል። ክረምት ሲበረታ መልካው ይዘጋል፣ ጎጃም ከወለጋና ከሸዋ የሚገናኘው ድልድይ ባለበት ብቻ ይሆናል። ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ልውረድ የሚል ሰው ግን አይገኝም። ለምን ብሎ ይወርዳል? ታች የሚጠብቀው ዘመድም ገበያም የለው፤ ያለው ወባና ሽፍታ፣ ከዚያም ገደል ነው።

ቁልቁል የሚሄዱት ከሌላ አገር መጡ። የጎማ ጀልባ ነፍቶ፣ ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ የሚያጓራ ውሃ እየፈለጉ መውረድ፣ ራፍቲንግ የሚባለው ስፖርት፣ ዛሬ በዓለም ትልቅ የቱሪዝም ገበያ ነው። ነገሩ ሲነሳ ኮሎራዶ፣ ዛምቤዚ፣ የቺሊው ፉታሌውፉ፣ በሪሺኬሽ በኩል የሚያልፈው ጋንጀስ፣ የኡጋንዳዋ ጂንጃ ይጠራሉ። ኢትዮጵያን የሚጠራ ጥቂት ነው። ሆኖም ይህ ሥራ ከአሜሪካ ወጥቶ ዓለምን መዞር ሲጀምር በቅድሚያ ከገባባቸው ወንዞች መካከል አዋሽ፣ ኦሞ፣ ባሮና አባይ ነበሩ፤ በኋላ ተከዜም ተጨመረ። ቁልቁል የወረዱት ብዙ ጽፈዋል፣ ፊልምም ሠርተዋል። አግድም የሚሻገሩት በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያላቸው ቦታ የጠባቂ፣ የተሸካሚ፣ አንዳንዴም የሽፍታ ነው። ሁለቱ ወገኖች በእርግጥ የተገናኙበት ቦታ ጥቂት ቢሆንም፣ ከጀግንነቱ ወሬ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ እሱ ነው። (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሜሪካ እንጀምር። በግንቦት 1869 ጆን ዌስሊ ፓውል የተባለ መምህርና የቀድሞ የጦር መኮንን፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው፣ አራት የእንጨት ጀልባና አሥር ሰው ሆኖ ከዋዮሚንግ በግሪን ወንዝ ተነሳ፤ ግሪን ወደ ኮሎራዶ ይገባል፣ ኮሎራዶ ደግሞ ግራንድ ካንየንን ሰንጥቆ ያልፋል። አንዷ ጀልባ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተሰባበረች። ዱቄቱ ሻገተ። አንዱ ሰው በጊዜ በቃኝ ብሎ ተመለሰ። መጨረሻው ሲቃረብ ሦስቱ፣ ከፊታቸው የሚያጓራውን ውሃ አይተው፣ በገደሉ ወጥተው በእግር ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም። በነሐሴ መጨረሻ ስድስት ሰው ወጣ። ሦስቱ ፈርተው የተዉት ውሃ ለቀሩት ከባድ ሆኖ አልተገኘም፤ አለፉት።

የፓውል ሰዎች የሚቀዝፉት እንደ ባሕር ጀልባ ነበር፦ ጀርባቸውን ወደ መሄጃው አዙረው፣ በሙሉ ጉልበት። በሐይቅ ላይ ይህ ያስኬዳል። አለት በሞላበት ቁልቁለት ላይ ግን የሚመጣውን ሳያዩ ወደሚመጣው መፍጠን ማለት ነው። ይህን የለወጠው ናትናኤል ጋሎዌይ የሚባል የዩታ አዳኝ ነው። በ1890ዎቹ ጀልባዋን አዙሮ ፊቱን ወደ ቁልቁል አደረገና ወደ ኋላ፣ ውሃውን እየተቃወመ መቅዘፍ ጀመረ። ጀልባዋ ከውሃው ቀስ ስትል ጊዜ ይገኛል፤ ጊዜ ሲገኝ አለቱን አይቶ ወደ ጎን መሸሽ ይቻላል። ዛሬም አንድ ሰው ብቻውን ቀዝፎ የሚነዳው የጎማ ጀልባ በአብዛኛው የሚሄደው በዚህ ዘዴ ነው።

ውሃው ራሱ ምን እንደሚሠራ ጠጋ ብሎ ማየት ያሻል፤ አለበለዚያ የቀረው ታሪክ የጉራ ብቻ ይመስላል። ወንዝ በአለት ላይ ዘሎ ሲወድቅ ወደ ታች ይጠልቃል፣ ጠልቆ በሥር ይሄዳል። ላይ የቀረው ክፍተት ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ከታች ያለው ውሃ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ተመልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ ከአለቱ ሥር ያለው የወንዙ ፊት የሚፈሰው ወደ ኋላ ነው። እዚያ የገባ ጀልባ ከላይ በሚወርደው ይመታል፣ ከታች በሚመለሰው ይያዛል፤ ሰው ከሆነ የገባው እንደ ወፍጮ እህል እየተገላበጠ ይፈጫል። ነጩ አረፋ ደግሞ ግማሹ አየር ስለሆነ አያንሳፍፍም፤ መቅዘፊያም አይይዘውም። ከዚህ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ወደ ላይ መታገል ሳይሆን ሥር ወዳለው ውሃ ጠልቆ እንዲወስድህ መፍቀድ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። ለመናገር ቀላል ነው። በሌላ በኩል ከትልቅ አለት ጀርባ፣ ውሃው ዞሮ ጸጥ የሚልበት ጥግ አለ። አንድ ቀዛፊ ጎበዝ መሆኑ የሚታወቀው በትልቁ ማዕበል ላይ ሳይሆን ያንን ጥግ በጊዜው አይቶ በመግባቱ ነው፤ እዚያ ቆሞ ያርፋል፣ የቀጣዩን መንገድ ያጠናል።

የእንጨት ጀልባ አለት ሲነካ ይሰነጠቃል። ጎማ ይነጥራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር የተረፈውን የጎማ ጀልባ በርካሽ ሲሸጥ ራፍቲንግ ከጀብደኞች እጅ ወጥቶ ሥራ ሆነ። ጆርጂ ዋይት የተባለች ሴት በ1950ዎቹ ትልልቅ የጦር ጎማዎችን አንድ ላይ አስራ መንገደኛ በገፍ በግራንድ ካንየን ማውረድ ጀመረች። እስከ 1949 ድረስ ያንን ካንየን በውሃ የወረደው ሰው ከመቶ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም፤ በ1972 በአንድ ዓመት ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ወረደ። ብልሃቱም ጎማውም ቀዛፊውም በአንድ ትውልድ ተትረፈረፈ። ወጣቶቹ ቀዛፊዎች ማንም ያልወረደውን ወንዝ ካርታ ላይ መፈለግ ጀመሩ።

አባይ ያኔ ከተሞከረ ቆይቷል። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ከአፄ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ፣ የብረት ጀልባዎች በክፍልፋይ አስጭኖ ወደ በረሃው ወረደ። ጀልባዎቹ ተገጣጥመው ውሃ ላይ ከዋሉ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ አለቱ ጨረሳቸው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሜጀር ቺዝማን ብልህ ነበር፤ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ከ1925 ጀምሮ ለዓመታት ሲቀመጥ ወንዙን ለመንዳት አልሞከረም። በበቅሎና በእግር፣ በገደሉ አፋፍ እየሄደ፣ ሲመች እየወረደ፣ የአገሩን ሰው መልካና መንገድ እየጠየቀ ካርታ ሠራ። በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም የሚጠቅም ከሆነ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፦ የአግድሙን ሰው ዕውቀት ለመያዝ ጊዜ ሰጠ።

አባይ ከጣና ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሱዳን ጠረፍ ላይ ሲደርስ 500 ገደማ። በመካከሉ ጢስ አባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ጎጃምን ከቦ በሚዞረው ጥልቅ ሸለቆ ይገባል፤ ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ውሃው ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥበት ቦታ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ከገቡ መውጫው ሩቅ ነው። በ1962 በታንኳ የወረዱ የስዊስና የፈረንሳይ ሰዎች በሌሊት ተተኩሶባቸው ሁለቱ ተገደሉ። በ1965 አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ ጎጃምን ከሸዋ ከሚያገናኘው ከሻፈርታክ ድልድይ እስከ ካርቱም ብቻውን በአንዲት ካያክ ወረደ። ይህ ሰው ከሁሉም ያነሰ የተወራለት ነው። የተወራለት ቀጥሎ የመጣው ነው።

በ1960 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም በ1968፣ በጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ጉዞ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ መጣ። ወታደርና ሳይንቲስት ተቀላቅሎ ስድሳ ሰባ የሚደርስ ቡድን ነበር፤ ከላይ ቢቨር የተባለች የጦር አውሮፕላን ስንቅ ትጥልለታለች። መጀመሪያ ከሻፈርታክ በታች ያለውን በሞተር ጀልባ ጨረሱ። ክረምቱን የመረጡት ውሃው ሲሞላ አለቱ ይሸፈናል ብለው ነው። ከዚያ ወደ ጣና ተመልሰው ከባዱን የላይኛውን ክፍል በትንንሽ የጎማ ጀልባ ያዙት። ይህኛው ሌላ ነገር ነበር። የቡድኑ ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስ ቦኒንግተን ነበር፣ በኋላ በሂማላያ ስሙ የገነነው ተራራ ወጪ፤ ከጀልባ ተጥሎ ሊሰምጥ ለጥቂት ተረፈ። ኮርፖራል ኢያን ማክሌዎድ ግን አልተረፈም። የሞተው ግን በታላቁ ወንዝ ማዕበል ላይ አይደለም፦ በእግር ሲሄዱ፣ አንድ ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ውሃው ወሰደው። የአባይ በረሃ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገርመው አይመስለኝም፤ ሰው የሚሞተው መሻገሪያ ላይ ነው። በመጨረሻም ሽፍቶች ተኮሱባቸው፣ እነርሱም በጨለማ ጀልባቸውን ለውሃው ለቀው አመለጡ።

ስለዚህ ጉዞ ሲጻፍ ዘመናዊው ራፍቲንግ የተወለደው አባይ ላይ ነው የሚል ነገር ይደጋገማል። ለአገር ኩራት ደስ የሚል ቢሆንም አልቀበለውም። በዚያው ዓመት ግራንድ ካንየን በጎማ ጀልባ ሰው በሺህ ያወርድ ነበር። የእንግሊዞቹ ጉዞ ያደረገው ሌላ ነው፦ በአውሮፓ ጋዜጣ ላይ የአፍሪካን ወንዝ የጀግንነት መለኪያ አደረገው። በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ ወጣት ከአራት ጓደኞቹ ጋር በካያክ ተመልሶ መጣ፤ አምስቱም ከሃያዎቹ ዕድሜ ብዙ ያላለፉ፣ ጦር ሠራዊት ከኋላቸው የሌለ፣ አውሮፕላን የማይጥልላቸው። ወረዱ፣ ተተኮሰባቸው፣ ወጡ። ጆንስ ከስድስት ዓመት በኋላ በፓኪስታን ተራሮች ብራልዱ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ሊያድን ሲል ሞተ።

ከሁሉም በላይ ግን ራፍቲንግን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰሩት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፣ የኮሎራዶ ቀዛፊ የነበረው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኛው ጆን ዮስት። በ1973 ወደ አዲስ አበባ መጥተው አዋሽን ሞከሩ፣ ቀጥለው ወደ ኦሞ ሄዱ። ለድርጅታቸው ሶቤክ ብለው የጥንት ግብፆችን የአዞ አምላክ ስም ሰጡት። ይህ አምልኮ ሳይሆን የኢንሹራንስ ዓይነት ቀልድ ነበር፤ ኮሎራዶ ላይ ማዕበል እንጂ አዞ የለም። ኦሞ ላይ ግን ዋናው ጭንቀት ማዕበሉ አልነበረም። ውሃው ጸጥ ባለበት ቦታ ጉማሬ ከሥር ተነስቶ ጀልባ ይገለብጣል፣ አዞ ደግሞ ከዳር ተንሸራቶ ይከተላል። የጎማ ጀልባ ለአዞ የማይገባው ነገር ነው፤ የሚበላ ይመስለዋል። ቀዛፊዎቹ ድንጋይ ጀልባ ውስጥ ያከማቹ ነበር፤ አዞው ሲመጣ ይጮሃሉ፣ ይወረውራሉ።

የኦሞ ጉዞ የሚጀምረው በጅማ መንገድ ከጊቤ ድልድይ ነበር። ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ውሃው ገና ሙሉ ሳለ። ላይኛው ክፍል ጠባብ ገደልና የሚያጓራ ውሃ ነበር፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘል ነበር፣ ከየጎኑ ፏፏቴ ይወርድ ነበር፣ ፍል ውሃም ነበረው። ቀን በቀን እየተወረደ ሲሄድ ገደሉ ይከፈት፣ ውሃው ይሰክን፣ ከዚያ የቦዲና የሙርሲ አገር ይመጣ ነበር። እዚህ ላይ ነው ቁልቁሉ ከአግድሙ የሚገጥመው። ሙርሲ ከብት አርቢ ነው፣ ጀልባ የእሱ ሥራ አይደለም። ወንዙን የሚያሻግሩት ክዌጉዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ትንሽ፣ ከብት የሌላቸው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳ ያላቸው፣ ጉማሬ የሚያድኑ። ሙርሲ ያለ ክዌጉ ማዶ ያለውን እርሻውን ማየት ይቸግረዋል፤ ክዌጉ ደግሞ በሙርሲ ጥላ ሥር ይኖራል። ኦሞ ላይ ከባንግስ በፊት ምን ዓይነት ቀዛፊ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው። በራፍቲንግ መጻሕፍት ውስጥ ግን ይህን ወንዝ መጀመሪያ የወረደው ማን እንደሆነ እንጂ፣ ሲሻገርበት የኖረው ማን እንደሆነ ብዙም አይነሳም።

የሶቤክ ወጣቶች ብዙ ከፈሉ። በ1975 ከድርጅቱ የመጀመሪያ ባልደረቦች አንዱ አባይ ላይ ሰጠመ፤ በ1976 ባሮ ላይ፣ ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ፣ ሌላ ጓደኛቸውን ውሃው ወስዶ ሳይመለስ ቀረ። አብዮቱ እየከረረ ሲሄድ አገሪቱ ለእንዲህ ዓይነት ጎብኚ ተዘጋች። ሶቤክ ኢትዮጵያ ላይ የተማረውን ይዞ ወደ ሌላ ሄደ፦ በ1978 የቺሊውን ቢዮ-ቢዮ፣ በ1981 ከቪክቶሪያ ፏፏቴ ሥር ያለውን ዛምቤዚ። ዛምቤዚ ዛሬ የዓለም ትልቁ የአንድ ቀን ራፍቲንግ ቦታ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጀልባውን የሚነዱት ደግሞ የሊቪንግስተንና የቪክቶሪያ ፎልስ ልጆች ናቸው። ያ ዕድል እኛ ዘንድ ሳይበቅል ቀረ። ጥፋቱን በአብዮቱ ላይ ብቻ መጣል ይቀላል፤ ግን ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ኦሞን ያወርዱ የነበሩት የውጭ ድርጅቶች ናቸው፣ የእኛ ሰው ድርሻ ምግብና ጭነት፣ ፈቃድና ትርጉም ነበር።

ባንግስ በ1996 ተመልሶ ተከዜን ወረደ፣ ስለዚያም መጽሐፍ ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ በናሽናል ጂኦግራፊክ የተላከ ቡድን በጎማ ጀልባ አባይን ከጣና አጠገብ እስከ ሱዳን ጠረፍ ተከተለ። ጸሐፊዋ ቨርጂኒያ ሞሬል፣ ፎቶግራፍ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር ነበሩ። ብዙ ፎቶ ተነሳ፤ አንዱ ግን ያልታሰበ ነገር አመጣ።

በሞጣና በጎንደር ጠርዝ መካከል ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ፤ በፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከለኛው ቅስት ፈረሰ፣ ሁለቱ ጫፎች ግን ቆመው ቀሩ። የአካባቢው ሰው ዘዴ ፈጠረ። በዚህኛው ስባሪ ላይ አሥር ያህል ወንዶች፣ በማዶው ስባሪ ላይም እንዲሁ። ገመዱ በመካከል ተወጥሯል። ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ይታሰርና ከድንጋዩ ጫፍ እግሩን ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሰዎቹ ክንድ ነው፦ እነዚህ ቀስ ብለው ይለቃሉ፣ እነዚያ ይጎትታሉ፣ ሰውየው ውሃው እየጮኸ ከሥሩ በአየር ላይ ያልፋል። እህልም ፍየልም እንዲሁ ይሻገራል። ገመዱ የተበጠሰበት ወይም እጅ የከዳበት ሰው ወንዙ ይወስደዋል። ይህ ለአሥርት ዓመታት የኖረ መንገድ ነበር።

የጎማ ጀልባዎቹ ከሥሩ አለፉ፣ ካሜራው ወደ ላይ አነጣጠረ። ፎቶው በመጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ተቋራጭ አየው። ሰውየው ከኢትዮጵያ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ስባሪው ድልድይ ግን በሙያው የሚያውቀው ነገር ነበር። በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት መሠረተ፣ በ2002 ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ብረቱን ወደ ሸለቆው ያወረዱት አህያና የሰው ትከሻ ናቸው። በኋላ ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተካ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮች ሠርቷል። አንድ መቶ ዓመት ያህል ቁልቁል ከወረዱት ሁሉ ለበረሃው ሰው የተረፈው የሚጨበጥ ነገር ይህ ነው፤ እሱም ለመሻገር።

በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን አባይን ከምንጩ ተነስተው 114 ቀን ቀዝፈው ሜዲትራኒያን ደረሱ፣ ጉዞው በትልቁ ስክሪን ፊልም ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ መንገድ በግድብ እንደሚዘጋ ያኔ የገመተ ብዙ አይመስለኝም።

ለጀልባና ለተርባይን የሚመቸው ወንዝ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ጠባብ ገደል፣ ጠንካራ አለት፣ ብዙ ውሃና ብዙ ቁልቁለት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የራፍቲንግ ዝነኛ ቦታዎች ዝርዝርና የኃይል መሐንዲሶች ዝርዝር ተቀራራቢ ነው። ኮሎራዶ ላይ ግሌን ካንየን በ1963 በውሃ መሞላት ጀመረ። ቢዮ-ቢዮ በ1990ዎቹ ተገደበ። ጂንጃ ላይ የቡጃጋሊ ማዕበሎች በ2011 ሐይቅ ሥር ገቡ፣ ቀጥሎ ኢሲምባ መጣ። እኛ ዘንድ ተከዜ ላይ 188 ሜትር የሚቆም ግድብ በ2009 ተጠናቀቀ። ኦሞ ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት፣ 243 ሜትር፣ በ2016 ተመረቀ፤ ከጀርባው ያለው ሐይቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ስለሚሄድ የኦሞ ቀዛፊዎች ጉሬዛና ፏፏቴ ያዩበት ያ ገደል ከነማዕበሉ ተኝቷል። ከሥሩ ደግሞ ኮይሻ እየተገነባ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ የአባይን የታችኛውን ክፍል ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ አደረገው። ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል የኖረው ወንዝ አደረ።

ራፍተሮች ስለ ግድብ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ነው። ከእነርሱ ጋር አላለቅስም። መብራት ለሌለው ሰው በዓመት ለአንድ ወር የሚመጣ ቱሪስት ማዕበል አጣ ብሎ ማዘን ይከብዳል። ደግሞም ግድብ ራፍቲንግን ሁልጊዜ አይገድልም፤ የዛሬው ግራንድ ካንየን ከግሌን ካንየን ግድብ በሚለቀቅ ውሃ የሚኖር ነው፣ ጂንጃም ከግድቡ በታች በቀረው ላይ ሥራዋን ቀጥላለች። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ታችኛው ኦሞ ላይ በየዓመቱ ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩት፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ክዌጉና ካሮ፣ ያንን ጎርፍ አጥተዋል። ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል የተባለው ተስፋ የቀድሞውን አልተካም። ለጉዞ የመጣ ሰው ሌላ ወንዝ ያገኛል፤ ደለሉን ያጣ ሰው ሌላ ደለል የለውም።

አባይ ላይ አሁን ካልተገደበው ክፍል ዋናው ከጢስ አባይ በታች እስከ ሻፈርታክ ያለው ነው፣ የ1968ቱ ሰዎች ከባዱ ብለው የለዩት። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ምክንያት ጎማ ነፍቶ የሚወርድበት የለም። ሰላም ሲመጣ ግን የሚመጡ ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለ ወንዝ ሳይወረድ አይቀርም። ያኔ ጀልባውን የሚነዳው ከየት ይሆናል? ዛምቤዚ ላይ መልሱ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተለውጧል፦ በመጀመሪያ ተሸካሚ የነበሩት ቀዛፊ ሆኑ፣ ከዚያ አሠልጣኝ። ለዚያ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ጀልባ፣ የሚረባ ላይፍ ጃኬት፣ የነፍስ አድን ሥልጠና፣ የትኛው ውሃ ለማን እንደሚሆን የሚወስን ደንብ። ዋና የሚችል፣ ውሃ የሚያነብ፣ አዞው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ስልቻ ነፍቶ ሰው ሲያሻግር የኖረው እዚያው ነው።

ጊዜውም ረጅም ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ በ1964 ባቀረበው ጥናት አባይ ላይ አራት ትልልቅ ግድቦች አመልክቷል፤ ሕዳሴ የተሠራው ከአራቱ በመጨረሻው ቦታ፣ ጠረፍ አጠገብ ነው። ከቀሩት የላይኛው ካራዶቢ ከሻፈርታክ ድልድይ በታች ነው፤ ከተሠራ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በረሃውን ይሞላዋል፣ ማዕበሉም መልካውም አብረው ይገባሉ። ያኔ የሚያስፈልገው የሞተር ጀልባ ነው፣ የሚነዳትም ሰው። የጎማ ጀልባ ላይ የሠለጠነ ወጣት ለዚያ ሥራ አዲስ አይሆንም።